ገመዱን ንቀሉት

«ጋሼ፣ ማይክሮሰርቪስ ያስረዱኛል?»

የጎረቤቴ ልጅ ናት። ላፕቶፗን አቅፋ በሬ ላይ ቆማለች። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ መብራት የለም። እሷ ቂሊንጦ በኩል ያለው ዩኒቨርሲቲ የሦስተኛ ዓመት የሶፍትዌር ተማሪ ናት። እኔ ለድርጅቶች ሶፍትዌር ስሠራ 14 ዓመት ሆነኝ። ሕንፃው ውስጥ «የኮምፒውተሩ ሰውዬ» ይሉኛል፤ ፕሪንተር ሲበላሽም የሚጠሩት እኔን ነው።

ገባችና ላፕቶፗን ከፈተችው። ማይክሮሰርቪስ ማለት አንዱን ሶፍትዌር በኔትወርክ የሚነጋገሩ ትንንሽ ፕሮግራሞች (ሰርቪሶች) አድርጎ መከፋፈል ነው። እሷ 12 ሰርቪስ ጀምራለች። አንዱ ለደንበኛ፣ አንዱ ለዋጋ፣ አንዱ ለማሳወቂያ፣ የቀሩትን ረስቻቸዋለሁ። ሁሉም በዶከር ነው፤ ፕሮግራምን ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር አሽጎ የሚያስነሳ መሣሪያ ነው። የላፕቶፑ ማራገቢያ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮሃል።

«ስንቱ ይሠራል?» አልኳት።

«አንዳንዴ ሁሉም ይሠራል።»

ሳቅኩና ወረቀት አወጣሁ። እያንዳንዱ ሰርቪስ 99.9 በመቶ ይሠራል እንበል። ብቻውን ሲሆን በዓመት 9 ሰዓት ቢቆም ነው። ግን አንድ ትዕዛዝ እንዲያልቅ 12ቱም አብረው መነሳት ካለባቸው፣ 0.999ን 12 ጊዜ ማባዛት ነው። 98.8 በመቶ ይወጣል። በዓመት ከ104 ሰዓት በላይ፣ ከ4 ቀን በላይ መቆም ማለት ነው። ያውም እያንዳንዱ 99.9 ከሆነልን።

«በይ ሁሉንም ዝጊው» አልኳት። በተለያየ ኮምፒውተር ላይ ተከፋፍሎ የሚሠራ የድርጅት ሶፍትዌር እንዴት እንደሚለመድ፣ ከዚያ በኋላ ለሦስት ወር አብረን የሠራነውን ነው እዚህ የምጽፈው። ቅደም ተከተሉ የኔ ነው። ሌላ ሰው በሌላ በኩል ያስጀምራችሁ ይሆናል።

መጀመሪያ አንድ ፕሮግራም፣ አንድ ዳታቤዝ

የምታውቁትን ሥራ ምረጡ። የልጅቷ እናት ከሕንፃችን ሥር እህል ይሸጣሉ። ቱሉ ዲምቱ ደግሞ ትንሽ መጋዘን ተከራይተዋል፤ አንድ ልጅ ይጠብቀዋል። ደንበኛ ሱቁ ጋ ይከፍላል፣ ጤፉ ከመጋዘን በባጃጅ ይመጣል። ከዚህ የተሻለ መለማመጃ ከየትም አይገኝም። እናንተም እቁብ ይሁን መድኃኒት ቤት፣ ዋናው ነገር ስትሳሳቱ «እንደሱ አይደለም» የሚላችሁ ሰው ቅርብ መሆኑ ነው።

ሁሉንም በአንድ ፕሮግራም ሥሩት። ሽያጭ፣ ክምችት፣ ዱቤ። አንድ ወር እዚያው ቆዩ። ትራንዛክሽን የሚባለውን በእጃችሁ ንኩት። የዳታቤዙን ሁለት መስኮት ክፈቱ። በአንዱ ትራንዛክሽን ጀምራችሁ 2 ኩንታል ቀንሱ፤ ኮሚት አታድርጉ (ለውጡን አታጽኑት)። በሌላው መስኮት ክምችቱን አንብቡ። ፖስትግረስ (የተጠቀምነው ዳታቤዝ) የድሮውን ቁጥር ያሳያችኋል። ኮሚት ስታደርጉ አዲሱ ይመጣል። ሁሉም ይሆናል ወይ ምንም አይሆንም፤ ግማሽ የለም። ይሄን ምቾት ልብ በሉት፤ በኋላ የምናጣው እሱን ነው።

ስለ ቋንቋ ብዙ አልልም። ትልልቅ ድርጅቶች ውስጥ ጃቫና ሲ ሻርፕ ደጋግማችሁ ታገኛላችሁ። ጃቫ ለድርጅት ሥራ የተዘጋጀውን እትም ያወጣው በ1999 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)፤ ዛሬ ጃካርታ ይባላል። በጃቫ እንዲህ ያለ ሥራ መጀመርን የሚያቀልለው ስፕሪንግ ቡት በ2014 ወጣ። እኔ የጃቫ ሰው ነኝ። እናንተ በፓይተን ከጀመራችሁ በፓይተን ቀጥሉ። ኔትወርክ ሲቋረጥ ቋንቋ አይመርጥም።

ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ቁረጡት

የት ነው የሚቆረጠው? ልጅቷ በስም ቆርጣው ነበር፤ ደንበኛ፣ ዋጋ፣ ማሳወቂያ እያለች። እኔ የምለው ሥራው ራሱ የተቆረጠበት ቦታ ላይ ቁረጡ ነው። ሱቁ ኮዬ ነው፣ መጋዘኑ ቱሉ ዲምቱ። መሀል ላይ ያለው መስመር ሲጠፋ የመጋዘኑ ልጅ የገባና የወጣ ኩንታል መመዝገብ መቻል አለበት። ስለዚህ ሁለት ፕሮግራም፣ ሁለት ዳታቤዝ። ዋጋና ደንበኛ ሱቁ ጋ አብረው ይቆዩ።

ሁለት ላፕቶፕና አንድ ራውተር ካላችሁ መልካም። ከሌላችሁም በአንድ ላፕቶፕ ላይ ሁለት ፕሮግራም በተለያየ ፖርት (የመግቢያ ቁጥር) አስነሱ። አንድ ሕግ ብቻ አለ፦ የመጋዘኑ ፕሮግራም የሱቁን ዳታቤዝ በቀጥታ አይነካም። ትንሽ ልንካው ያለ ሰው መጨረሻው ተመልሶ አንድ ዳታቤዝ ነው፤ ያውም ባለቤቱ የማይታወቅ።

ፒተር ዶይች የሚባል የሰን ማይክሮሲስተምስ (የኮምፒውተር ኩባንያ) ሰው በ1994 ፕሮግራመሮች ሳያስቡት የሚያምኗቸውን ስህተቶች ዘርዝሮ ነበር። የመጀመሪያው «ኔትወርክ አይቋረጥም» የሚለው ነው። ኮዬ ፈጬ ላደገ ልጅ ይሄን ማስተማር ድካም ነው። ሁለተኛው «መልእክት ወዲያው ይደርሳል» የሚለው ነው። እሱ ግን ሂሳብ ይፈልጋል። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ሰርቨራችሁ ፍራንክፈርት ከሆነ በቀጥታ እንኳ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ደርሶ መልስ ከ50 ሚሊሰከንድ በታች በምንም ተአምር አይሆንም። አንድ ገጽ ለመክፈት 40 ጊዜ የሚመላለስ ኮድ ከጻፋችሁ 2 ሰከንድ መንገድ ላይ ቀረ።

አሁን ገመዱን ንቀሉት

ከሱቁ «2 ኩንታል ማኛ ላክ» የሚል ጥያቄ ላኩ። መልሱ ሳይመጣ የራውተሩን ገመድ ንቀሉ። የሱቁ ፕሮግራም ስህተት ያሳያል። ምን ተፈጠረ?

ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል። ጥያቄው መጋዘን አልደረሰም። ወይም ደርሶ ሥራው ሳያልቅ ተቋረጠ። ወይም ሥራው አልቆ፣ ጤፉ ተቀንሶ፣ መልሱ ብቻ መንገድ ላይ ጠፋ። ከሱቁ በኩል ሦስቱም አንድ ዓይነት ይመስላሉ፤ መልስ የለም፣ አለቀ። እኔ የዚህ ሙያ ልብ ይሄ ነው እላለሁ። አንድ ኮምፒውተር ላይ የተበላሸ ነገር መበላሸቱን ታውቃላችሁ። እዚህ ግን «አላውቅም» የሚባል ሦስተኛ መልስ አለ፤ ኮዳችሁም ለእሱ ቦታ ሊኖረው ይገባል።

እኔ ይሄን የተማርኩት በሰው ገንዘብ ነው። ገላን መጋዘን፣ መርካቶ ሱቅ ለነበረው አንድ ድርጅት ስሠራ፣ ሱቁ 200 ካርቶን ሳሙና እንዲወጣ አዘዘ። መልስ ዘገየ። የሽያጭ ሠራተኛዋ «ላክ» የሚለውን ደግማ ተጫነች። መጋዘኑ ሁለት የወጪ ሰነድ አተመ። መኪናው 400 ካርቶን ጭኖ መርካቶ ደረሰ፤ ግማሹን የሚያስገቡበት ቦታ ስላልነበረ እግረኛ መንገድ ላይ ተደርድሮ አመሸ። ዝናብ እንዳይመጣ ስንለምን ነበር። ጥፋቱ የሠራተኛዋ አይደለም፤ የኔ ነው። ደግሞ ምን አደረግኩ? ቁልፉን አንዴ ከተጫኑት እንዲደበዝዝ አደረግኩና ሠራሁ ብዬ ቤቴ ሄድኩ። በሳምንቱ ገጹን አድሳ እንደገና ላከች።

መድኃኒቱን ለልጅቷ የነገሯት እኔ ሳልሆን እናቷ ናቸው። እሳቸው መጋዘን ሲደውሉ መስመር ይቆረጥባቸዋል። ልጁ ይስማ አይስማ አያውቁም። ስለዚህ ሲደውሉ «2 ኩንታል ላክ» አይሉም። «የደረሰኝ ቁጥር 41ን ላክ» ነው የሚሉት። ሁለቴ ቢደውሉ ልጁ «41 ሄዷል እኮ እማማ» ይላቸዋል።

ኮዱም እንዲሁ ነው። ሱቁ ጥያቄውን ከመላኩ በፊት መለያ ቁጥር ይፈጥራል። ዩዩአይዲ (ኮምፒውተሩ ራሱ የሚፈጥረው ረጅም መለያ) ቢሆን ጥሩ ነው፤ ቅርንጫፍ ቢበዛም አይጋጭም። ቁጥሩን መጀመሪያ ራሱ ዳታቤዝ ላይ ይጽፋል፣ ከዚያ ይልካል። መልስ ካላገኘ በዚያው ቁጥር ይደግማል፤ አዲስ አይፈጥርም። መጋዘኑ የተስተናገዱ ቁጥሮች ሰንጠረዥ አለው። ቁጥሩ እንዳይደገም ዳታቤዙ ራሱ ይከለክላል። ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነው፦ ቁጥሩን መመዝገብና ጤፉን መቀነስ በአንድ ትራንዛክሽን ውስጥ መሆን አለባቸው። ለየብቻ ካደረጋችኋቸው መብራቱ መሀል ላይ ይጠፋና እንደ ድሮው ትሆናላችሁ። የተደገመ ቁጥር ሲመጣ ስህተት አትመልሱ፤ የፊተኛውን መልስ ድገሙለት።

ምጣድ ሁሉ በአንዴ ሲሰካ

እስከ መቼ ነው መልስ የሚጠበቀው? ጥያቄ የሚልኩልን ብዙ ላይብረሪዎች (ተዘጋጅተው የሚመጡ ኮዶች) ካልነገራችኋቸው ለዘላለም ይጠብቃሉ። የፓይተኑ ሪኩዌስትስም፣ የጃቫው ኤችቲቲፒ ክላየንትም እንዲያ ናቸው። ስለዚህ ገደቡን እናንተ ጻፉ፤ እኛ 2 ሰከንድ አደረግነው። ካልመጣ መደገም ነው። ግን እንዴት?

ሕንፃችን ውስጥ መብራት ሲመጣ የሚሆነውን ታውቃላችሁ። እንጀራ መጋገር የተቋረጠበት ሁሉ ምጣዱን እኩል ይሰካል። ፍሪጁም፣ ምድጃውም። ቆጣሪው ጋ ያለው ማብሪያ ማጥፊያ ጧ! ይላል፤ እንደገና ጨለማ። ሰርቨርም ከወደቀበት ሲነሳ የሚገድለው ይሄ ነው። ሲጠብቁት የነበሩ ሁሉ በአንድ ሰከንድ ይወርዱበታል።

ስለዚህ መጀመሪያ 1 ሰከንድ ጠብቁ፣ ቀጥሎ 2፣ 4፣ 8። በላዩ ላይ ትንሽ የዘፈቀደ ጊዜ ጨምሩ፤ ሁሉም እኩል እንዳይቆጥር። የሆነ ቦታ ላይ ደግሞ ማቆም አለ። እማማ የሚሠሩት እንደዚያ ነው፦ ሦስት ጊዜ ይደውላሉ፣ ካልሆነ ደረሰኙን ሚስማሩ ላይ ይሰኩትና ሌላ ሥራ ይይዛሉ።

ያ ሚስማር ትልቅ ነገር ነው። ልጅቷ መጀመሪያ የጻፈችው ኮድ ሽያጩን ዳታቤዝ ላይ ይመዘግብና ወዲያው ወደ መጋዘን ይልካል። በሁለቱ መሀል ላፕቶፑ ቢጠፋስ? ገንዘብ ተቀብለናል፣ መጋዘን አልሰማም። አዙራ መጀመሪያ ልካ ከዚያ መዝግባም አየችው። ያኔ ደግሞ ጤፉ ሄዶ ሽያጩ የለም። ፈጅቶባት፣ አንድ ማታ አሰላስላ፣ ሚስማሩን በሰንጠረዥ ሠራችው። «የሚላኩ» የሚል ሰንጠረዥ ነው። ሽያጩና የሚላከው መልእክት በአንድ ትራንዛክሽን ይጻፋሉ። ሌላ ትንሽ ፕሮግራም ደግሞ ከሰንጠረዡ እያነሳ ይልካል። መብራት ቢጠፋ ሲነሳ ካቆመበት ይቀጥላል። የሚላክ አንዳንዴ ይደገማል፤ ግን መለያ ቁጥር ስላለ አይጎዳም።

ካፍካ የሚባለውን የመልእክት ማስተላለፊያ እንጠቀም አለችኝ። ካፍካን የሠሩት ሊንክድኢን ውስጥ ነው፤ በ2011 ለሁሉም ክፍት ሆነ። ከባድ ጭነት የሚችል ጎበዝ መሣሪያ ነው። የእማማ ሱቅ በቀን 60 ደረሰኝ ቢቆርጥ ነው። በፖስትግረስ ሰንጠረዥ ቆዩ። ላኪው ፕሮግራም ሁለት ሦስት ሲሆን አንዱን መልእክት እንዳይሻሙ፣ ፖስትግረስ ከ9.5 ጀምሮ የተያዘን ረድፍ ዘሎ የሚያልፍበት ትእዛዝ አለው፤ ስኪፕ ሎክድ ይባላል። እሱ ሲጠብባችሁ ያኔ ስለ ካፍካ እናወራለን።

ባለቤቱን ጠይቁ

መስመር ጠፍቷል፣ ደንበኛ ሱቁ ውስጥ ቆሟል፣ መጋዘን ስንት ኩንታል እንዳለ አታውቁም። ይሸጥ አይሸጥ? የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ኤሪክ ብሩወር በ2000 ያነሳው ሐሳብ ይሄ ነው፤ ጊልበርትና ሊንች የሚባሉ ተመራማሪዎች በ2002 በሂሳብ አረጋገጡት። መስመር ሲቆረጥ ወይ ትክክለኛነቱን ወይ አገልግሎቱን ትለቃላችሁ፤ ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ አይቻልም።

ግን የቱ ይለቀቅ የሚለውን ፕሮግራመር አይወስንም። ልጅቷ እናቷን ጠየቀች። እማማ ጥቂት አሰቡና «ከ1 ኩንታል በታች ከሆነ ሽጪ፣ የትም አይጠፋም። ከዚያ በላይ ከሆነ ለድግስ ነው፤ ሳታረጋግጪ አትንኪ» አሏት። ኮዱ ውስጥ አንድ መስመር ሆኖ ገባ። እኔ ስብሰባ ላይ ይሄን ጥያቄ ለሥራ አስኪያጆች አንስቼ እንደዚህ ጥርት ያለ መልስ አግኝቼ አላውቅም።

ተሽጦ ጤፉ ባይኖርስ? አትሰርዙት። ሰርዞ ማጥፋት የአንድ ዳታቤዝ ምቾት ነው፤ እዚህ የለም። ገንዘቡ ተቆጥሯል፣ ደረሰኙ ሰው ኪስ ገብቷል። ተመላሽ የሚል አዲስ ሰነድ ነው የሚጻፈው። ጋርሲያ ሞሊና እና ሳሌም የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1987 ረጅም ሥራን በአጫጭር እርምጃ ከፍሎ፣ ለእያንዳንዱ መመለሻ ማዘጋጀትን ሳጋ ብለውታል። ሂሳብ ሠራተኞች ግን ያለዚህም ስም ያውቁታል፤ መዝገብ አይፍቁም፣ ማስተካከያ ይጽፋሉ። ድርጅት ውስጥ ስትገቡ መጀመሪያ ቡና የምትጋብዙት ሂሳብ ሹሙን ይሁን።

የሰዓት ነገር

እኛ አገር ሰዓት ሁለት እጥፍ ራስ ምታት ነው። የኛ ጠዋት 3 ሰዓት በፈረንጅ 9፣ በዩቲሲ (የዓለም መነሻ ሰዓት) 6 ነው። ዳታቤዝ ውስጥ በዩቲሲ አስቀምጡ፤ ለሰው ስታሳዩ ብቻ ቀይሩ። የኢትዮጵያን ቀን በተራ የቀን ዓምድ ላይ ለመጻፍ አትሞክሩ። ዳታቤዙ ጳጉሜን፣ ማለትም 13ኛ ወርን ሲያይ እምቢ ይላል።

ይሄ ቀላሉ ነው። ከባዱ፣ የሁለት ኮምፒውተር ሰዓት እኩል አለመሆኑ ነው። አንድ መጋዘን ውስጥ የነበረ ኮምፒውተር ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታክል ባትሪ ሞታበት ነበር። መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ዓመቱ 2009 ይሆናል። እኔ ደግሞ «የኋለኛው ይጽና» የሚል ኮድ ጽፌያለሁ። የዛሬው ቆጠራ የ2009 ተብሎ ተጣለ፣ የባለፈው ሳምንት ጸና። ሁለት ቀን ፈልጌ ነው ያገኘሁት።

የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ሌስሊ ላምፖርት በ1978 ያሳየው መንገድ ቀላል ነው። ሰዓት ተውና ቁጥር ያዙ። እያንዳንዱ ወገን ቆጣሪ አለው። አንድ ነገር ሲሠራ 1 ይጨምራል፤ መልእክት ሲልክ ቁጥሩን ያያይዛል። የተቀበለው ከራሱና ከመጣው ትልቁን ወስዶ 1 ይጨምራል። እንዲህ ከሆነ መልስ ከጥያቄው ያነሰ ቁጥር አይዝም።

ሎግ (ፕሮግራሙ የሠራውን የሚጽፍበት መዝገብ) ላይ ያንኑ የደረሰኝ መለያ በየመስመሩ ጻፉ፣ በሁለቱም በኩል። መሥሪያ ቤት ጉዳይ ስትከታተሉ «የደብዳቤው ቁጥር ስንት ነው?» እንደሚሏችሁ ማለት ነው። ያለ ቁጥር ማንም አያገኘውም።

ዶከር (2013) እና ኩበርኔቲስ (2014) ከዚህ ሁሉ በኋላ ይምጡ። ዶከር በአንድ ቅዳሜና እሁድ ይለመዳል። በዶከር የታሸጉ ብዙ ፕሮግራሞችን በብዙ ኮምፒውተር ላይ የሚያስተዳድረውን ኩበርኔቲስን አሠሪ ሲጠይቃችሁ ተማሩት።

እስከዚያው በየሳምንቱ አንድ ነገር አበላሹ። ፕሮግራሙን መሀል ላይ ግደሉት። ዲስኩን ሙሉት። ሰዓቱን ወደ ኋላ መልሱት። ሊኑክስ ካላችሁ ኔትኤም በሚባለው ኔትወርኩን አዘግዩት፤ ከመቆረጥ መዘግየት የከፋ መሆኑን ታያላችሁ። ከዚያ ቁጠሩ፦ ሱቅ የሸጠው፣ መጋዘን ያወጣው፣ እኩል ነው?

ልጅቷ ትናንት ማታ 500 ትዕዛዝ ልካ 500 ቆጠረች። እየዘለለች መጣች። ላፕቶፑን እዚያው እየላከ ሳለ ባትሪውን አውጥተሽ ንቀዪው አልኳት። 498 ሆነ። ሁለቱ የት እንዳሉ እኔ ገምቻለሁ፤ ላኪው ፕሮግራም «ተልኳል» ብሎ ምልክት የሚያደርገው መልሱ ከመምጣቱ በፊት ሳይሆን አይቀርም። አልነገርኳትም። አሁን ስጽፍ ደረጃው ላይ ተቀምጣ በስልኳ መብራት ሎጉን እያነበበች ነው።